አስመራ ይሰማል፣ ሐረር አይሰማም

ከድሬዳዋ ሐረር በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ደንገጎን ትወጣለህ፣ ሐረማያንና አወዳይን ታልፋለህ፣ ከች። በአየር ቢለካማ 45 ኪሎ ሜትር አይሞላም። እኔ ግን በ1978 ዓ.ም. በብሔራዊ ውትድርና ከድሬ ወጣ ባለች ካምፕ የሬዲዮ ሠራተኛ ሆኜ ሳለ ሐረርን ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። የሚያናድደው፣ አስመራን በመጀመሪያው ቀን ነው ያገኘሁት። አስመራ ከኛ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ አንድ አሮጌ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ገዝቶ መጣና «ጋሼ፣ ይሄ ነገር የሩቁን እየሰማ የቅርቡን ለምን ይተዋል?» አለኝ። ሳቄ መጣ። ያኔ ይህንን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ስንት እንቅልፍ በተረፈኝ ነበር።

ጣቢያችን 20 ዋት የምትሰጥ ሬዲዮ፣ ባትሪና ቀጥ ብሎ የቆመ የብረት ዘንግ አንቴና ነበረችው። ፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም ሞገዱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ፣ በወረቀት ተጽፎ ተሰጥቶናል። ቀን 9 ሜጋኸርዝ ምናምን፣ ሌሊት 6 ምናምን። እኔ ደግሞ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተራራ ካገደህ ከፍ በል። ስለዚህ አንቴናውን ተሸክሜ ኮረብታ ወጣሁ። ሐረር ዝም። ዘንግ ቀጠልኩ። ዝም። ባትሪ ቀየርኩ፣ ጮኼ ተናገርኩ (ሬዲዮ ላይ መጮህ ድምፅህን ከማበላሸት በቀር ምንም አይፈይድም)፣ አሁንም ዝም።

ግማሹን እንኳ ልክ ነበርኩ። ከአንቴና የሚወጣው ሞገድ አንዱ ክፍል መሬት ለመሬት ይሄዳል። ይህ የምድር ሞገድ ባሕር ላይ ሩቅ ይጓዛል፣ እንደኛ ባለ ደረቅ አሸዋማ መሬት ላይ ግን ቶሎ ይደክማል። ከፊቱ ደንገጎን የሚያህል ተራራ ሲገጥመው ደግሞ አለቀለት። ስለዚህ ሐረር በምድር አትገኝም። የቀረው መንገድ በሰማይ ነው።

በሰማይ ማለቴ ቀልድ አይደለም። ፀሐይ የላይኛውን አየር ስትመታው ከአተሞቹ ኤሌክትሮን ትነጥቃለች፣ ያ የተነጠቀው ደግሞ የሬዲዮ ሞገድን አጥፎ ወደ መሬት ይመልሳል። አዮኖስፌር የሚባለው ይህ ነው። እንግሊዛዊው አፕልተን በፈረንጅ 1924 መኖሩን በሙከራ አሳይቶ በ1947 ኖቤል ተሸልሞበታል። ለኛ ሥራ ሁለቱን ንብርብር ማወቅ ይበቃል። ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ዲ የሚባለው ሞገድ ይውጣል እንጂ አይመልስም፣ ፀሐይ ስትጠልቅም ይጠፋል። ከ250 እስከ 400 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያለው ኤፍ ነው እንጀራችን። እሱ ሌሊትም አለ፣ ግን እየሳሳ ይሄዳል።

ይህንን ሁሉ ያስረዳኝ አንድ የድሬ ልጅ የሆነ ሃምሳ አለቃ ነው። ከእረፍት ሲመለስ ኮረብታው ላይ አንቴና ታቅፌ አገኘኝ። «አቦ፣ ምን ሆነህ ነው? ውረድ!» አለኝ። ወረድኩ። ግቢ ውስጥ አትክልት የምናጠጣበት ጎማ ነበር። ውሃውን ከፈተና ጫፉን በአውራ ጣቱ ጠበብ አድርጎ ወደ አጥሩ አዘነበለው። ውሃው አጥሩን አልፎ ሄደ።

«ይሄ አስመራ ነው» አለ።

ከዚያ ጎማውን ቀጥ አድርጎ ወደ ሰማይ ያዘው። ውሃው ወጣ፣ ወጣና ሁለታችንም ላይ ተመልሶ ፈሰሰ።

«ይሄስ የት ነው?»

«እዚሁ ነው፣ ሃምሳ አለቃ።»

«እዚሁና ሐረር! ያንተ ዘንግ ወደ ጎን ነው የሚረጨው። አናቱ ላይ ቀዳዳ ነው፣ ምንም አይወጣም። አስተኛው!»

የቆመ አንቴና ከራሱ በላይ ወዳለው ሰማይ አይልክም። ሐረርን ለመምታት ደግሞ ሞገዱ 300 ኪሎ ሜትር ወጥቶ 40 ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ መውረድ አለበት። ይህ ከ85 ዲግሪ በላይ ነው፣ ሽቅብ ማለት ነው። ለዚህ የሚሆነው ዝቅ ብሎ አግድም የተዘረጋ ሽቦ ነው። ከሞገዱ ርዝመት ከአሥር አንድ እስከ አራት አንድ ድረስ ከፍታ ይበቃዋል። እኔ ኮረብታ ለኮረብታ ስንከራተት መፍትሔው ለካ ልብስ ማስጫ ገመድ የሚያህል ከፍታ ላይ ነበር።

ፍሪኩዌንሲውስ? እሱንም በምሳሌ ነው የነገረኝ። ሐረማያ ሐይቅ ዳር ልጆች ጠፍጣፋ ድንጋይ ሲወረውሩ አይተህ ከሆነ፣ በአግድም የተወረወረው ውሃው ላይ እየነጠረ ይሄዳል፣ ከላይ የተጣለው ግን ጥልቅ ይላል። ሞገድም እንዲሁ ነው። 9 ሜጋኸርዝ በአግድም ሄዶ ኤፍን ሲነካ ነጥሮ አስመራ ይወርዳል። ያንኑ 9 ሜጋኸርዝ ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ ብትልከው፣ ኤፍ በሳሳበት ቀን በስቶት ያልፋል፣ ላይመለስ ወደ ጠፈር ይሄዳል። ስለዚህ በምድር ሞገድ መጨረሻና ሰማዩ በሚመልሰው የመጀመሪያ ቦታ መካከል ማንም የማይሰማህ ቀለበት ይፈጠራል። ሐረር እዚያ ቀለበት ውስጥ ነበረች። ከተራራው ጀርባ መሆኗ ብቻ አልነበረም ችግሩ።

መድኃኒቱ ዝቅ ማለት ነው፤ አንቴናውም፣ ፍሪኩዌንሲውም። ከተፈቀዱልን ውስጥ 5.2 ሜጋኸርዝ አካባቢ መረጥን። 300ን በሜጋኸርዙ ስታካፍል የሞገዱን ርዝመት በሜትር ታገኛለህ፣ 58 ሜትር ገደማ። አንቴናው ግማሹን ነው የሚፈልገው። እኔ ጎበዝ ነኝ ብዬ 150ን ለ5.2 አካፍዬ 28.8 ሜትር ቆረጥኩ። ሃምሳ አለቃ አይቶ «143 ነው፣ ሽቦ ላይ አጠር ይላል» አለኝና ከአንድ ሜትር በላይ አስቆረጠኝ። 27.5 ሜትር፣ መሃሉ ላይ ለሁለት ተከፍሎ። ሽቦው የመስክ ስልክ ሽቦ ነው። ጫፎቹን ከእንጨቱ የምንለይበት ስላጣን የተሰበረ ጀሪካን ቆራርጠን ቀዳዳ አበጀንለት። ሦስት አጣና ተከልን፣ ቁመታቸው 5 ሜትር ቢሆን ነው።

መጀመሪያ የዘረጋሁት በመጋዘኑ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ነበር። አጣና ለመቆጠብ ብዬ። ያ ሁሉ ድካም ገደል ገባ፣ ምክንያቱም ቆርቆሮው ሽቦው ሥር ሁለት ክንድ ያህል ርቀት ላይ ተኝቶ አንቴናውን አበላሸው። አውርደን ባዶ ሜዳ ላይ አደረግነው።

በማግስቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ጠራሁ። ሐረር ወዲያው መለሰ፤ ጎረቤት ቤት ያለ ነው የሚመስለው። «ሦስት ሳምንት የት ጠፍተህ ነው?» አለኝ ሰውዬው። እሱም ያን ሁሉ ቀን ዘንጉን አቁሞ ሲጠራኝ ከርሟል።

ደስታዬ እስከ ሌሊት 9 ሰዓት ቆየ። ከዚያ ሐረር ቀስ እያለ እየደከመ ሄዶ ጥፍት አለ። ሌሊት ፀሐይ የለችም፣ ኤፍ ይሳሳል፣ ልክ ሊነጋ ሲል ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። 5.2 ራሱ በዚያ ሰዓት መብሳት ይጀምራል። ስለዚህ ለሌሊት ወደ 3.2 ወረድን። ለሱ 44.7 ሜትር ስለሚፈልግ በየጫፉ 8.6 ሜትር ሽቦ ቀጠልን፤ ቀን ፈትተን፣ ማታ እንቋጥራለን። «ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ዝቅ አንልም?» ብዬ ነበር። ሞክሬዋለሁ። ቀትር 6 ሰዓት ላይ 3.2 ብትልክ ዲ ይውጠዋል፤ ፍሪኩዌንሲውን በግማሽ ስትቀንስ የሚዋጠው ወደ አራት እጥፍ ይጨምራል። ከላይ በሚበሳው፣ ከታች በሚዋጠው መሃል ያለች መስኮት ነች የምትሠራበት፤ እሷም በየሰዓቱ ትንቀሳቀሳለች።

የወረቀቱ ነገር የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ፀሐይ በግምት በየ11 ዓመቱ ትግላለች፣ ትበርዳለች። በፈረንጅ 1979 እና 1980 አካባቢ ግላ ነበር፣ በ1986 ደግሞ ቀዝቅዛ ታች ደርሳለች። እኔ ካምፕ የገባሁት ልክ በመብረዷ ሰሞን ነው። ወረቀቱ በጋለችበት ጊዜ የተዘጋጀ ከሆነ 9 ሜጋኸርዝ ያኔ ወደ ላይ ሄዶ ይመለስ ይሆናል። ብቻ ማንም አልከለሰውም። ከዚያ ወዲህ ከወረቀቱ ይልቅ ደብተሬን ነበር የማምነው። ሰዓት፣ ፍሪኩዌንሲ፣ ማን ተሰማ፣ እንዴት ተሰማ። አንድ ወር ስትሞላው ሰማዩ ምን እንደሚያደርግ ትገምታለህ።

አንድ ነገር ደብተሩም አልፈታልኝም። አንዳንድ ምሽት፣ በተለይ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ ድምፁ ይርገበገባል። ሰው ማራገቢያ ፊት ቆሞ እንደሚያወራ ነው። ሬዲዮው ተበላሸ ብዬ ስንት ጊዜ ከፈትኩት! ለካ የመሬት መግነጢሳዊ ወገብ በኛ ሰማይ አካባቢ ነው የሚያልፈው፣ እዚያ ደግሞ ኤፍ ከምሽት በኋላ ይቦጫጨቃል። ታግሠህ መጠበቅ ነው፣ ወይ ቃላቱን ማሳጠር።

ለእህቴ ልጅ ይህንን ሁሉ ነገርኩት። መላክ ፈቃድ ይፈልጋልና እኛ የምናደምጠው ብቻ ነው። እሱ ግን ኃይል ነው የሚያሳስበው፣ «20 ዋት ምን ይሠራል?» ይላል። ሬዲዮው ላይ ያለችውን፣ የሚመጣውን ሞገድ ጉልበት የምትለካውን መርፌ አሳየሁት። ላኪው ኃይሉን በአራት እጥፍ ቢጨምር እሷ የምትነቃነቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ሽቦ በትክክል መዘርጋት ከዚያ በላይ ይሰጥሃል፣ ነዳጅም አይጠይቅም።

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ባለው ቤታችን ግቢ 15 ሜትር ሽቦ ዘረጋንለት፣ ከቆርቆሮው ራቅ አድርገን። መጀመሪያ የሰማነው ጩኸት ብቻ ነው። የጎረቤት አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ ምኑ ቅጡ። ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ላይ የሰፈሩ መብራት ጠፋ። ሁሉም «ኧረ!» ሲል እሱ በባትሪ የሚሠራውን ሬዲዮ ይዞ ወደ ግቢ ሮጠ። ጩኸቱ የለም። መደወያውን ሲያዞር አንዱ ጣቢያ ከሌላው ላይ ተደራርቦ ይመጣል። ደብተር አምጣ አልኩት፤ በስልኩ መብራት ሰዓቱን ጻፈ።