ሃያ ጠጠር፣ ሁለት ዓይነት ነጥብ፦ የቀለም ማዛመጃ ሚኒ ጌም የሠራሁበት መንገድ

ለስልክ በምሠራው የጀብዱ ጌም ውስጥ አንድ ወንዝ አለ። ተጫዋቹ ወንዙን ለመሻገር ድልድዩን ከሚጠብቁት ሽማግሌ ጋር አጭር ግጥሚያ ማድረግ ይኖርበታል፤ ግጥሚያውም ከላይ የሚወርዱ ባለ ቀለም ጠጠሮችን እያዛመዱ ማጥፋት ነው። ሕጉ ቀላል ስለ መሰለኝ በሁለት ሳምንት እጨርሰዋለሁ ብዬ ጀመርኩት፤ አምስት ወር ፈጀብኝ። አብዛኛውን ጊዜ የወሰደብኝ ሥዕሉ ወይም ድምፁ ሳይሆን የነጥብ አሰጣጡ ነው፤ ስለዚህ የምጽፈውም በዋናነት ስለ እርሱ ይሆናል።

ሕጉን ከባዶ አልፈጠርኩትም። መነሻዬ ኮምፓይል የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ፑዮ ፑዮ ነው። ጌሙ በ1992 ከሴጋ ጋር ተሠርቶ በመጫወቻ ቤት ማሽኖች ላይ ወጣ፣ በ1994 ደግሞ እስከ ዛሬ ተጫዋቾች እንደ መለኪያ የሚያዩት ሁለተኛው ክፍል ተከተለ። እኔ የተዋወቅሁት ግን በሌላ በር ገብቼ ነው። በ2017 በወጣው ሶኒክ ማኒያ በተባለው የሩጫ ጌም ውስጥ ሩጫው በድንገት ይቆምና ከጌሙ ዋና ጠላት ከዶክተር ኤግማን ጋር የሚደረገው ፍልሚያ በፑዮ ፑዮ ሕግ ይካሄዳል። አንድ ሙሉ ጌም በሌላ ጌም ሆድ ውስጥ ሲገባ ያን ያህል መስማማቱ ገረመኝ፤ የድልድዩ ሐሳብ የመጣልኝም በዚያን ጊዜ ነው።

መሠረታዊው ሕግ የሚከተለው ነው። ሜዳው 6 ዓምድና 12 የሚታዩ ረድፎች አሉት፤ ከላይ ደግሞ የማይታይ 13ኛ ረድፍ አለ። ጠጠሮቹ ሁልጊዜ በጥንድ ይወርዳሉ፤ ተጫዋቹ ጥንዱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ መውሰድና ማሽከርከር ይችላል። አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው 4 ወይም ከዚያ በላይ ጠጠሮች በጎን ወይም በላይና በታች ከተነካኩ ይጠፋሉ፤ በሰያፍ መነካካት አይቆጠርም። እነርሱ ሲጠፉ ከላያቸው የነበሩት ይወድቃሉ፣ የወደቁትም በተራቸው አራት ሆነው ከተገናኙ እንደገና ይጠፋሉ፤ ይህ ተከታታይ መጥፋት ሰንሰለት ይባላል፣ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ መጥፋትም አንድ ደረጃ ነው። ከግራ ሦስተኛው ዓምድ 12ኛው ረድፍ ላይ ከደረሰ ተጫዋቹ ይሸነፋል። እኔ መጀመሪያ የትኛውም ዓምድ ሲሞላ ሽንፈት ይሁን ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ሰንሰለት የሚገነባ ሰው ዳር ዳሩን ከፍ አድርጎ መከመር ስላለበት፣ የእኔ ሕግ የሚቀጣው በጥንቃቄ የሚያስበውን ተጫዋች ሆነ። ወደ ዋናው ሕግ ተመለስኩ።

ጠጠር የሚለውን ስም የሰጠኋቸው ከገበጣ ወስጄ ነው። በአባቴ ቤት በምንጫወተው ገበጣ የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ባልሆነ ጉድጓድ ላይ ካረፈች ተጫዋቹ አፍሶ መዝራቱን ይቀጥላል፤ አንድ እጅ አስቦ የዘራ ሰው ሜዳውን ዞሮ ሲመለስ ማየት ከልጅነቴ ጀምሮ ደስ ይለኛል። ሰንሰለትም ለእኔ ከዚያ ስሜት የራቀ አይደለም፤ ለታናሽ እህቴ ስለ ሰንሰለት ያስረዳኋትም በገበጣ ምሳሌ ነው።

የመጀመሪያው የነጥብ ሕጌ ለአንዲት ጠጠር 10 ነጥብ መስጠት ብቻ ነበር። ጌሙ ሠርቷል፣ ምንም የተበላሸ ነገር አልነበረውም፤ ነገር ግን እህቴ ስትጫወት አጠገቧ ተቀምጬ ስመለከት አራት ባገኘች ቁጥር ወዲያው ታጠፋለች፣ ሜዳው ሁልጊዜ ባዶ ነው፣ ከሩብ ሰዓት በኋላም ስልኩን አስቀመጠችው። ሰንሰለት መሥራት እንደሚቻል ታውቅ ነበር፤ የምትሠራበት ምክንያት ግን አልነበራትም። ሃያ ጠጠር በአምስት የተለያየ ጊዜ ብታጠፋም፣ አስባ በአንድ ሰንሰለት ብታጠፋም የምታገኘው ያው 200 ነጥብ ነበር። ጥፋቱ ከእርሷ ሳይሆን ከእኔ እንደ ሆነ የገባኝ ያን ዕለት ነው፤ ተጫዋች የሚማረው ከመመሪያው ሳይሆን ከሚከፈለው ነጥብ ነውና።

በፑዮ ፑዮ ሁለተኛው ክፍል የአንድ ደረጃ ነጥብ የሚሰላው የጠፉት ጠጠሮች ብዛት በ10 ተባዝቶ፣ ውጤቱ ደግሞ በሦስት ጉርሻዎች ድምር ተባዝቶ ነው። አንደኛው ጉርሻ የሰንሰለቱ ደረጃ ነው፦ ለመጀመሪያው 0፣ ለሁለተኛው 8፣ ለሦስተኛው 16፣ ለአራተኛው 32፣ ለአምስተኛው 64 ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየደረጃው 32 እየጨመረ 96፣ 128፣ 160 እያለ ይሄዳል። ሁለተኛው በአንድ ጊዜ የጠፉት ቀለሞች ብዛት ነው፦ አንድ ቀለም 0፣ ሁለት ቀለም 3፣ ሦስት 6፣ አራት 12፣ አምስት 24 ያስገኛል። ሦስተኛው የቡድኑ ትልቅነት ነው፦ አራት ጠጠር 0፣ አምስት 2፣ ስድስት 3 እያለ በየአንዱ እየጨመረ ለአሥር ጠጠር 7 ይደርሳል፣ ከአሥራ አንድ ጀምሮ ደግሞ 10 ነው። የሦስቱ ድምር ዜሮ ከሆነ እንደ 1 ይቆጠራል፤ ከ999 በላይም አይሄድም።

ይህ በቃል ሲነገር ደረቅ ስለሚመስል እነዚያኑ ሃያ ጠጠሮች መልሼ ላምጣቸው። አራት አራት እያሉ በአምስት የተለያየ ጊዜ ከጠፉ በየጊዜው 40፣ በጠቅላላው 200 ነጥብ ያስገኛሉ። እነዚያው ጠጠሮች በአንድ ባለ አምስት ደረጃ ሰንሰለት ከጠፉ ግን የመጀመሪያው 40፣ ሁለተኛው 320፣ ሦስተኛው 640፣ አራተኛው 1280፣ አምስተኛው 2560 ይሰጣል፤ ድምሩ 4840 ነው። የጠጠሮቹ ቁጥር አልተለወጠም፤ ልዩነቱ ተጫዋቹ ምን ያህል መታገሡና ምን ያህል አርቆ ማየቱ ላይ ብቻ ነው። ሠንጠረዡን ኮዱ ውስጥ ባስገባሁበት ሳምንት እህቴ ሜዳውን ባዶ ማድረግ አቆመች። አንድም የአጨዋወት ሕግ ሳልነካ ሌላ ጌም የሠራሁ ያህል ነበር።

ሠንጠረዡን ማስገባት አንድ ነገር ነው፣ በትክክል እንዲሠራ ማድረግ ግን ሌላ ነው። ለሦስት ሳምንት ያህል ያሠቃየኝ ስሕተት ከቅደም ተከተል የመጣ ነበር። ኮዱ ሜዳውን ከታች ወደ ላይ እየቃኘ አራት የተነካኩ ጠጠሮች ባገኘ ጊዜ ወዲያው ያጠፋቸውና የሰንሰለቱን ቁጥር በአንድ ይጨምር ነበር። ስለዚህ አራት ቀይና አራት ሰማያዊ በአንድ ቅጽበት ሲገናኙ እንደ ሁለት ደረጃ ሰንሰለት ቆጥሮ 40 እና 320፣ በድምሩ 360 ነጥብ ይሰጣል። ትክክለኛው ስሌት ግን ስምንት ጠጠር በ10፣ ከዚያም በሁለት ቀለም ጉርሻ 3 ተባዝቶ 240 ነው። ይህን ያወቅሁት በስሌት አይደለም፤ እህቴ ጎን ለጎን ያዘጋጀቻቸውን ሁለት ቀለሞች በአንድ ጥንድ እያጠፋች ለምን ሰንሰለት መገንባት እንዳቆመች ስጠይቃት «ያው እኩል ነው የሚሰጠኝ» ስትለኝ ነው። ቀላሉ መንገድ ከከባዱ እኩል ከከፈለ ማንም ከባዱን አይመርጥም።

መፍትሔው ሥራውን በሁለት መክፈል ሆነ። በመጀመሪያ ኮዱ ምንም ሳያጠፋ መላውን ሜዳ ይቃኝና የሚጠፉትን ሁሉ ምልክት ያደርጋል፤ ምልክት ማድረጉን ሲጨርስ ብቻ ጠጠሮቹን፣ ቀለሞቹንና የቡድኖቹን መጠን ቆጥሮ ነጥቡን ያሰላል፣ በአንድነት ያጠፋቸዋል፣ የቀሩትን እስከ መጨረሻው ያወርዳል፣ የሰንሰለቱን ቁጥር አንድ ጊዜ ይጨምራል፣ ከዚያም እንደገና መቃኘት ይጀምራል። ተመሳሳይ ነገር የሚሠራ ሰው ካለ አጥብቄ የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ማግኘትንና ማጥፋትን በአንድ ዙር ውስጥ አያደባልቅ። ጠጠሮቹ ሁሉ ወርደው ሳያልቁ ቅኝት መጀመርም እንዲሁ ያሳስታል፤ በአየር ላይ ያለች ጠጠር በጎኗ ካሉት ጋር ተቆጥራ ያልታሰበ ቡድን ትፈጥራለች።

ሌላው ስሕተት ከ13ኛው ረድፍ የመጣ ነው። አንድ ቀን እህቴ «ጋሼ፣ ሦስት ብቻ ሆነው ጠፉ እኮ!» አለችኝ። አላመንኳትም፤ ደግማ አሳየችኝ። በግራው ጥግ ሦስት ቢጫ ጠጠሮች እስከ ላይኛው ጫፍ ተደርድረው ነበር፣ አራተኛዋ ከእነርሱ በላይ በማይታየው ረድፍ ውስጥ ተቀምጣለች። በዋናው ጌም በዚያ ረድፍ ያለ ጠጠር ለመጥፋት አይቆጠርም፤ የእኔ ቅኝት ግን አሥራ ሦስቱንም ረድፎች ያይ ነበር። ማስተካከያው አንዲት ቁጥር መለወጥ ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ተጫዋቹ ዓይኑ በማያየው ነገር ነጥብ ሲያገኝ ወይም ሲያጣ በሕጉ ላይ ያለው እምነት ይጠፋል፣ ያንን መመለስ ደግሞ ከባድ ነው።

ግጥሚያውን ግጥሚያ የሚያደርጉት ወደ ተቃራኒው ሜዳ የሚላኩት ግራጫ ጠጠሮች ናቸው። እኔ አዋኪ እላቸዋለሁ፤ በቀለም አይዛመዱም፣ የሚጠፉት አጠገባቸው ያለ ባለ ቀለም ቡድን ሲጠፋ ብቻ ነው። በየ70 ነጥቡ አንድ አዋኪ ይላካል። ባለ ሁለት ደረጃ ሰንሰለት 360 ነጥብ ስለሆነ 5 አዋኪ፣ ባለ ሦስት ደረጃ 1000 ነጥብ ስለሆነ 14፣ ያ ባለ አምስት ደረጃ ደግሞ 69 ይልካል። የሚታየው ሜዳ 72 ቦታ ብቻ እንዳለው ሲታሰብ 69 ማለት የተቃራኒው መጨረሻ ማለት ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል በአንድ ተራ ከ30 በላይ፣ ማለትም ከአምስት ሙሉ ረድፍ በላይ እንዳይወርድ ሕጉ የሚከለክለው።

መጀመሪያ ሥራ ላቅልል ብዬ ማቻቻልን ትቼው ነበር። ማቻቻል ማለት የተላከብህን አዋኪ ከመውረዱ በፊት በራስህ ነጥብ መሰረዝ ማለት ነው፤ የተረፈህም ወደ ላኪው ይመለሳል። በ1991ዱ ጌም አልነበረም፣ በ1994ቱ ነው የገባው። ሳላስገባው ስጫወት ቀድሞ የተኮሰ ሁልጊዜ ያሸንፍ ነበር፤ ሽማግሌው ሦስተኛ ደረጃ ላይ ከደረሱ የቀረው መጠበቅ ብቻ ነበር። ካስገባሁት በኋላ ግን 14 አዋኪ ከአናቱ ላይ ተንጠልጥሎ ያየ ተጫዋች ያልጨረሰውን ሰንሰለት አሁኑኑ ይለኩሰው ወይስ አንድ ጥንድ ይጨምርበት የሚለውን መወሰን አለበት። የጌሙ ልብ ያለው እዚህ ውሳኔ ላይ ነው፤ ሚኒ ጌም ነው ተብሎ የሚቆረጥ ነገር እንዳልሆነ በኋላ ነው የተረዳሁት። ለሁለቱም ተጫዋቾች አንድ ዓይነት የጥንድ ቅደም ተከተል መስጠትም የግድ ነው፤ እኔ ለየብቻ ዕጣ ሳወጣላቸው ተሸናፊው ሁልጊዜ ዕጣውን ይወቅስ ነበር።

ስለ ቀለም የተማርኩት ከአጎቴ ነው። አራት ቀለም ነው የመረጥኩት፤ በሦስት ቀለም ሰንሰለት ሳይታሰብ በራሱ ይሠራል፣ በአምስት ደግሞ ለጀማሪ ይከብዳል። አጎቴ ስልኩን ተቀብለው ለጥቂት ደቂቃ ተጫወቱና አረንጓዴውንና ቀዩን እያሳዩኝ «ልጄ፣ እነዚህ አንድ አይደሉም እንዴ? ለምን አይጠፉልኝም?» ብለው ጠየቁኝ። ሁለቱን ቀለሞች እንደማይለዩ ያን ቀን ነው ያወቅሁት፤ እርሳቸውም በዕድሜያቸው ሙሉ ብዙም አስበውበት አያውቁም ነበር። በማግስቱ በእያንዳንዱ ቀለም ላይ የራሱ ምልክት አደረግሁበት፦ በቀዩ ላይ ሦስት ማዕዘን፣ በአረንጓዴው ላይ ክብ፣ በቢጫው ላይ ሁለት መስመር፣ በሰማያዊው ላይ ነጥብ። ከዚያ ስክሪኑን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሬ ራሴ አንድ ሙሉ ግጥሚያ ተጫወትኩ። በዚያ ሁኔታ መጫወት ካልተቻለ ምልክቱ በቂ አይደለም ማለት ነው።

የመጨረሻው ማስተካከያ ጊዜ ነበር። ኮዱ ሰንሰለቱን በሙሉ በቅጽበት ይጨርሰው ስለነበር ተጫዋቹ የሚያየው የጠጠሮቹን መጥፋት እንጂ የሠራውን ሥራ አልነበረም። በየደረጃው ከግማሽ ሰከንድ ትንሽ የሚበልጥ ዕረፍት ሰጠሁት፣ የደረጃውን ቁጥርም ጠጠሮቹ በጠፉበት ቦታ ላይ እንዲታይ አደረግሁ፤ ዕረፍቱ ለተቃራኒውም መልስ የሚያዘጋጅበት ጊዜ ይሰጠዋል።

እህቴ የመጀመሪያውን ባለ አራት ደረጃ ሰንሰለቷን የሠራችው ይህ ከገባ በኋላ ነው። ቁጥሮቹ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያሉ ሲወጡ ትንፋሿን ይዛ ትመለከት ነበር፤ 2280 ነጥብ፣ 32 አዋኪ። ሠላሳው በሽማግሌው ሜዳ ላይ ወረደ፣ ሁለቱ ከላይ ተንጠልጥለው ተራቸውን ሲጠብቁ ቀሩ፤ ድልድዩ ግን ሁለቱ ሳይወርዱ ተከፈተ።