የተዘጋው ካርድ

በአሜሪካ በአንድ የቤት አበዳሪ ድርጅት ውስጥ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የሰጠሁት ምክር ዛሬም ይከነክነኛል። ደንበኛዬ በእናቴ ዕድሜ ያሉ፣ ሌሊት ሌሊት አረጋውያንን እየተንከባከቡ ለቤት ቅድመ ክፍያ ያጠራቀሙ ሴት ነበሩ። ክሬዲት ስኮራቸው፣ ማለትም አበዳሪ የሰውን ዕዳ ከፋይነት የሚመዝንበትና ከፍ ሲል የሚሻለው ነጥብ፣ 742 ነበር። ክፍያ ያሳለፉበት አንድም ወር የለም።

ሁለት ክሬዲት ካርድ ነበራቸው። የአንደኛው የብድር ጣሪያ 8,000 ዶላር ሲሆን ለዓመታት አልተነካም። የሁለተኛው ጣሪያ 3,000 ዶላር ሲሆን 1,500 ዶላር ዕዳ አለበት። «ይህን የማልጠቀምበትን ምን ላድርገው ልጄ?» ሲሉኝ ሳላመነታ «ይዝጉት» አልኳቸው። ካርድ ባነሰ ቁጥር ሰው ይበልጥ የሚታመን ይመስለኝ ነበር።

የብድሩ ሂደት ሊያልቅ ሲል ስኮራቸው እንደገና ታየ፤ 698! የወለዱ ምጣኔም ጨመረ። ስደውልላቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉና «ምን አጠፋሁ?» አሉ። ያጠፋሁት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው።

አለቃዬ አልተቆጣኝም፤ ወረቀት ሰጥቶ አስላ አለኝ። ካርዱ ሳይዘጋ 1,500ው ዕዳ ከ11,000 ዶላር ጣሪያ 14 በመቶ ያህል ነበር። ሲዘጋ ግን ያው 1,500 ከ3,000 ግማሽ ሆነ። ሴትዮዋ አንድ ዶላር እንኳ ሳይበደሩ በስሌቱ ዕዳ የተጫናቸው ሰው መሰሉ። ብዙ አበዳሪዎች በሚጠቀሙበት በፋይኮ (FICO) የክሬዲት ስኮር ስሌት ክፍያን በወቅቱ መፈጸም 35 በመቶ፣ የዕዳው መጠን ደግሞ 30 በመቶ ያህል ክብደት አለው። የመጀመሪያውን ሁሉም ያውቀዋል። ሁለተኛውን እኔ፣ እንጀራዬ የሆነው ሰው፣ ቸል ብዬው ነበር።

«ሌላ ካርድ ላውጣ?» ብለው ጠየቁኝ። አይሆንም፤ በብድር መሐል አዲስ ማመልከቻ ስኮርን ይበልጥ ሊቀንስ ይችላል። ይልቅ ለክፉ ቀን ካስቀመጡት 1,400 ዶላር ከፈሉ። ማስረጃውን ይዘን የክሬዲት መዝገባቸው በአስቸኳይ እንዲታደስ ጠየቅን። በጥቂት ቀናት ውስጥ ስኮራቸው ወደ ቀድሞው ተጠጋ፤ ወለዱም ወረደ። ቤት ለ30 ዓመት የሚከፈል ዕዳ ነውና ጥቂት የወለድ ነጥብ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ የሌሊት ድካማቸው በእኔ ቃል ሊባክን ነበር።

ከዚያ ወዲህ የማንንም መዝገብ ሳላነብ አልመክርም። ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያን እና ትራንስዩኒየን የተባሉት የክሬዲት መዝገብ ድርጅቶች የሚይዟቸውን ሦስቱንም ከደንበኛው ጋር መስመር በመስመር እናያለን። የእኛ ሰው ስሙ በየወረቀቱ በተለያየ ፊደል ስለሚጻፍ የሌላ ሰው ዕዳ ተቀላቅሎ አግኝቻለሁ። እንዲህ ያለውን ስሕተት በጽሑፍ መቃወም መብት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ባለው ሕግ መሠረት አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ ሊመረመር ይገባል። ክፍያ ያለፈበት ሰው ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ቀን እንደሆነው ነው። 30 ቀን ካልሞላ ያን ዕለት እንዲከፍል እለምነዋለሁ፤ አንዴ ከተመዘገበ ሰባት ዓመት ሊቆይ ይችላልና።

ሴትዮዋ ቁልፋቸውን በተረከቡ ማግስት ደወሉልኝ፤ በቀረው ካርድ እስከ ስንት ቢጠቀሙ እንደሚሻል ሊጠይቁ። ከ300 ዶላር እንዳያልፉ፣ ካለፉም ወርኃዊው መግለጫ ሳይወጣ እንዲከፍሉ ነገርኳቸው። «እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ። ስሌቱን አንድ በአንድ አነበብኩላቸው።