ሲጥሉት ያልተሰበረው ኮክ

ባሕር ዳር፣ የወፍጮ ፑሊ ልናፈስ ኩፖላውን፣ ማለትም ብረት ማቅለጫ ምድጃችንን፣ ለኩሰናል። ብረቱ ግን ቀዝቅዞ መጣ። ቅርጹን ሳይሞላ መንገድ ላይ ረግቶ ይቀራል። ስላጉም፣ የቀለጠው ቆሻሻ፣ ወፍሮ አልወርድ አለ።

ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ሳሳ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ የተጠረጠረው አየር የሚነፋው ብሎወር ነበር። ተፈተሸ፣ ደህና ነው። ቀጥሎ ቁርጥራጩ ብረት ተወቀሰ። ከድንጋይ ከሰል የሚሠራውን ማገዶ፣ ኮኩን፣ ማንም አልጠረጠረም። አዲስ የገባ ነው፤ ሲሚንቶ ላይ ቢጥሉት አይሰበርም።

ማታ የኩፖላው ሆድ ተከፍቶ ፍሙ ወረደ። ምድጃውን የሚመሩት ጋሼ ውኃ አስረጩበትና አንዱን አንስተው ሰጡኝ። «እስቲ ጫን በለው» አሉኝ። ላዩ እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቷል። በአውራ ጣቴ ስጫነው ተፈረፈረ።

ኮክ የሚያልቀው በመንደድ ብቻ አይደለም። ታች ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ላይ ሲያልፍ የጋለውን ኮክ ይበላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድም ይሆናል። ይህ ለውጥ ሙቀቱን ይጠጣል። ማዕድን በሚያቀልጡት ብላስት ፈርነሶች ሞኖክሳይዱ የግድ ነው፤ ኦክስጅኑን ከማዕድኑ የሚነጥቀው እሱ ነው። ግን እዚያም ኮኩ ከልክ በላይ ከተበላ ጉድ ይፈላል። ማዕድኑ ለስልሶ ሲቀልጥ ጠጣር ሆኖ ጭነቱን የሚሸከም፣ ለጋዙም መንገድ የሚሰጥ ኮክ ብቻ ነው። ሲደቅ መንገዱ ይዘጋል። ፖታሲየምና ሶዲየም ደግሞ መበላቱን ያፋጥኑታል።

ለዚህ ነው የብላስት ፈርነስ ኮክ ፈተናው በቀዝቃዛው የማያበቃው። 200 ግራም ኮክ በ1,100 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ2 ሰዓታት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋበታል። ከዚያ ከበሮ ውስጥ 600 ዙር ይሽከረከራል። ከ10 ሚሊሜትር በላይ ሆኖ የተረፈው ይመዘናል።

ለእኛ ኩፖላ ግን ሞኖክሳይዱ ንጹሕ ኪሳራ ነው፤ ሙቀታችንን ይዞ በጭስ ማውጫው ውልቅ ይላል። በማግስቱ ጋሼ ጆንያዎቹን አስፈትተው አዩ። አብዛኛው ከጡጫ ያነሰ ነው። የተላከልን የብላስት ፈርነስ ኮክ ነበር። ለኩፖላ የሚሆነው ተለቅ ያለ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ለጋዙ ቶሎ እጁን የማይሰጥ ነው። አቅራቢው በስልክ «ያው ኮክ አይደለም እንዴ?» ብሎ ተከራከረ። ጋሼ ፍርፋሪውን በፌስታል አድርገው ግዢ ክፍል ወሰዱት። በቀጣዩ ትዕዛዝ ላይ የኮኩ መጠን፣ አመዱና ለጋዝ ያለው ጽናት እንዲጻፍ አደረጉ። የተረፈውን ኮክ በወንፊት ለየነው፤ ትልልቁ ለኩፖላ፣ ደቃቁ ለቀጥቃጮቹ ሄደ።