ቢጫው ሌንስና ጥቁር ሰማያዊው ክር

ደሴ ልብስ እሰፋለሁ። ዓይኔን ሞራ እንደጋረደኝ ያወቅሁት ከደንበኛዬ ቁጣ ነው። የሰውየውን ጥቁር ሱሪ በጥቁር ሰማያዊ ክር ሰፍቼ ሰጥቻቸው ኖሯል። ጭጋጉንማ የጦሳ ተራራ ጉም ነው እያልኩ ስንት ወር አለፍኩት።

መጀመሪያ ቀኝ ዓይኔ ተገፈፈ፤ የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ቀለም የሌለው ሰው ሠራሽ ሌንስ ገባበት። ዓይኔን ብቻ አደንዝዘው ሠሩት፣ ቶሎ አለቀ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ የባለቤቴ ነጠላ ሰማያዊ ሰማያዊ አለብኝ።

«አንቺ፣ በምን አጠብሽው?»

«ያው የዱሮው ነው፤ አንተው ነህ ዛሬ ያየኸው።»

እውነቷን ነው። የተፈጥሮ ሌንሳችን በዕድሜ ቢጫ እየሆነ ሰማያዊውን ብርሃን ይቀንሳል። እኔ ለዓመታት በቢጫ መስታወት ሳይ ነው የኖርኩት።

ግራዬን አዲስ አበባ ልጄ ዘንድ ሄጄ አሠራሁ። የገባልኝ ቢጫ ቀለም ያለው፣ ሰማያዊ ብርሃንን በከፊል የሚያጣራ ሌንስ መሆኑን የሰማሁት ግን በኋላ ነው። ማንም አልነገረኝም። እኔም አፍ አውጥቼ አልጠየቅሁም።

አሁን አንዱን ዓይኔን በመዳፌ ስከድን ጨዋታ ሆኖብኛል። ያው ነጠላ በቀኜ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ በግራዬ ወተት ይመስላል። ሁለቱን ስከፍት ልዩነቱ ይጠፋኛል። የሐኪሙን ሰሌዳ ሁለቱም እኩል ያነባሉ። ስለዚህ «ቢጫው የበለጠ ያጠራል» የሚሉኝን አልሰማም። የዓይንን ጀርባ ከብርሃን ጉዳት ይጠብቃል የሚባለውንም ሐኪሜን ጠይቄአለሁ። «ታስቦ የተሠራው ለዚያ ነበር፤ እስካሁን ግን በጥናት አልተረጋገጠም» አሉኝ። ሁለቱም ሌንሶች አልትራቫዮሌት የሚባለውን ጨረር ያግዳሉ።

ልዩነቱን የማውቀው መብራት ሲጠፋ ነው። በሻማ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ክር መለየት በቀኜም ቀላል አይደለም፤ በግራዬ ግን ይብስብኛል። ስለዚህ ክር የምመርጠው በቀን፣ በር ላይ ቆሜ ነው። መርፌ ለመክተት ደግሞ መነጽር አልቀረልኝም። የሁለቱም ሌንስ የተለካው ለሩቅ ነው። ይሄን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ያን ያህል አልከፋም ነበር።

ጎረቤቴ ሐጂ ሰሞኑን ሁለተኛ ዓይናቸውን ሊያስገፍፉ ነው። የመጀመሪያው ሌንስ ዓይነት የተጻፈበትን ካርድ ይዘው እንዲሄዱ፣ የሁለተኛውንም ዓይነት እንዲጠይቁ ነግሬያቸዋለሁ። የእኔን ካርድ እንኳ የት እንደጣልኩት እንጃ።