«ለምን ተሰደድሽ?» ማለቴን ስተው

ለሦስተኛ ዲግሪዬ ስደትን ላጠና መስክ ስወጣ ደብተሬ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን ተሰደድሽ?» የሚል ነበር። ሁሉም ቶሎ መለሱልኝ። መልሳቸው ግን ቀኑ በቅደም ተከተል የተቀመጠ፣ ያለቀለት ነው። ያንን ታሪክ የጥገኝነት ጉዳይ ለሚያዩ ባለሥልጣናት ስንቴ ተናግረውታል መሰላችሁ! እኔንም ከእነሱ እንደ አንዱ ቢያዩኝ አይፈረድባቸውም።

ጥያቄውን ትቼ አብሬያቸው መዋል ጀመርኩ። ወራት ፈጀ። ማስታወሻዬን የዚያኑ ዕለት ማታ እጽፋለሁ፤ ካደረ ቃሉ ይጠፋል። አንድ ቀን አንዲት ሴት ለእናቷ በቪዲዮ ልትደውል ስትዘጋጅ አብሬያት ነበርኩ። ፊቷን ታጠበች፣ የሥራ ልብሷን ቀየረች፣ ወንበሩንም ከሻገተው ግድግዳ አርቃ መስኮቱ ጋ አደረገችው። ስትጨርስ «ይሄን ግድግዳ ካየች እንቅልፍ አይወስዳትም» አለችኝ።

አንትሮፖሎጂስቱ ጆርጅ ማርከስ በ1995 እ.ኤ.አ. አጥኚው አንድ ቦታ ከሚቀመጥ ሰውን፣ ዕቃን፣ ታሪክን እየተከተለ ይሂድ ብሎ ጽፏል። አንብቤው ነበር፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። ልጅቷን አስፈቅጄ እናቷ ዘንድ ሄድኩ። እናትየው ታመዋል። የመደወያው ሰዓት ሲደርስ ግን ከአልጋቸው ተነሡ፣ መድኃኒቱን ካሜራው ከማያየው ቦታ አስቀመጡና ተስተካክለው ተቀመጡ። «በሰው አገር በእኔ እንዳትጨነቅ» አሉ።

እስከዚያ ድረስ ማንነትን የምለካው ስደተኛው ከድሮ ልማዱ ምን ያህሉን እንደያዘ በመቁጠር ነበር። ሌላው አንትሮፖሎጂስት ፍሬድሪክ ባርት በ1969 እ.ኤ.አ. ስለ ብሔር ቡድኖች ሲጽፍ ዋናው ነገር በውስጥ ያለው ልማድ ሳይሆን ሰዎች በግንኙነታቸው የሚያበጁት ድንበር ነው ብሎ ተከራክሯል። እኔም መቁጠሩን ተውኩና ግንኙነቱ የሚታይባቸውን የስልክ ጥሪዎች ማጥናት ያዝኩ። ለውጡም እዚያው ታየኝ፤ ልጅቷ ለቤተሰቧ የምትልከው ገንዘብ በታናሽ እህቷ ስም ስለሚላክ፣ በፊት ማንም የማይሰማት ታናሽ እህት አሁን የቤቱን ወጪ የምትወስነው እሷ ሆናለች።

የከበደኝ የሁለቱንም ምስጢር መያዝ ነው። እናትየው «ደህና ናት ወይ?» ሲሉኝ «ትናፍቅዎታለች» ብቻ አልኩ። እሱም እውነት ነበር። ፈቃድ አንዴ ተፈርሞ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር፤ የመመረቂያ ጽሑፌን ረቂቅ ከማስገባቴ በፊት ግን ሁለቱንም ለየብቻ እንደገና ጠየቅኳቸው። ልጅቷ ተስማማች። እናትየው «እኔ እስካለሁ ይቆይ» አሉ። ስለ እነሱ የጻፍኩትን ምዕራፍ ከጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ሰረዝኩት። ዛሬ የጻፍኩት እሳቸው ካረፉ፣ ልጅቷም ሁሉን ሰምታ «ጻፊው» ካለችኝ በኋላ ነው።