ሴሚስተር ሲጀመር ሙዚቃው የት ይገባል?

ሁለተኛው ሴሚስተር ተጀመረ። ሬጂስትሬሽኑ አልቋል፣ የክላስ ፕሮግራሙ ስልኬ ላይ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋትም ላብ አስገብተውልናል፣ እና ቢት እንደምሰራ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ያው አንድ ጥያቄ ነው፣ «ታዲያ ሙዚቃውን ልትተይው ነው?» አልተወውም። ግን እንደ ክረምቱ ላፕቶፕ ላይ ተጥጄ አላድርም፣ ሦስተኛ ዓመት ኤሌክትሪካል ሆኖ እንደዛ አይሞከርም። ስለዚ ዘንድሮ ሁለቱን እንዴት እያስኬድኳቸው እንደሆነ ልፃፍ፣ ምክንያቱም በዚ ጉዳይ ላይ የሚሰጠኝ ምክር በሙሉ «ፕሮግራም አውጪ» ነው፣ ፕሮግራም ማውጣት ደሞ ዋናውን ችግር አይነካውም።

ዋናው ችግር ሰዓቱ ቁርጥርጥ ብሎ መምጣቱ ነው። ማታ እራት ከተበላ በኋላ አንድ ሰዓት ትገኛለች፣ ክላስ ሲሰረዝ ግማሽ ሰዓት፣ መብራት ከጠፋ እሷም የለችም። በግማሽ ሰዓት አሪፍ የቤዝ መስመር ይወጣል። ትራክ መጨረስ ግን ሌላ ነገር ነው፣ አሬንጅመንት (ክፍሎቹን በቅደም ተከተል ማደራጀት) አለ፣ ሚክስ (የድምፆቹን ልክ ማመጣጠን) አለ፣ ማስተር (የመጨረሻው ማጥራት) አለ፣ እነዚህ ሁሉ ረጅም ያልተቆረጠ ጊዜ እና ያረፈ ጆሮ ይፈልጋሉ። ማታ ላይ ሚክስ ማድረግ ለምን እንደማይሆን ደሞ ምክንያት አለው፣ ሰው ተኝቷል ብለን ድምፁን ዝቅ እናደርጋለን፣ የሰው ጆሮ ደሞ ድምፅ ዝቅ ሲል ከሁሉ በፊት ቤዙን ነው የሚያጣው፣ ስለዚ ቤዙ አነሰ ብለን እንጨምራለን፣ ጠዋት ድምፁ ከፍ ሲል ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ይሄ በፈረንጆቹ 1933 በጥናት የታየ ነገር ነው፣ የጆሮአችን አሰራር ነው።

ስለዚ ደንቤ ይሄ ነው፣ ክላስ ባለበት ጊዜ ትራክ አልጨርስም፣ እሰበስባለሁ። ድምፅ እቀዳለሁ፣ አጫጭር ሉፕ (እየተደጋገመ የሚዞር ቁራጭ ሙዚቃ) እሰራለሁ፣ አንድ አዲስ ቴክኒክ እማራለሁ። መጨረስ ለእረፍት ነው። ይሄን ከወሰንኩ ወዲህ ላብ ሪፖርት ስፅፍ ሙዚቃው አይጠራኝም፣ ሙዚቃ ስሰራም ሪፖርቱ ጭንቅላቴ ውስጥ አይዞርም። ከኔ የበለጠ የሚችል ሰው አለ፣ በሳምንት አንድ ትራክ እያወጣ ኤ የሚያመጣ ልጅ አውቃለሁ፣ እሱ ግን ዶርም ነው ያለው፣ መንገድ የለበትም።

መንገድ ስል፣ ቤታችን ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ኮንዶሚኒየሙ። ከኛ ሰፈር ቃሊቲ በሚኒባስ፣ ከዛ ባቡር ካለ ባቡር፣ ከሌለ በሳሪስ በኩል ሌላ ታክሲ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ካልወጣሁ የመጀመሪያው ክላስ አለፈ ማለት ነው። ወደ አዳማ የሚሄደው የፍጥነት መንገድ መነሻው እኛው ጋ ስለሆነ ከባድ መኪና ቀንም ሌሊትም አይቋረጥም፣ አደባባዩ ጋ ደሞ ሲጨናነቅ መቆም ነው። ታክሲ ውስጥ ሦስት ሆነን በተጠጋጋንበት ወንበር ላይ ላፕቶፕ አይከፈትም፣ ግን ማዳመጥ ይቻላል። ማታ የሰራሁትን ሉፕ ስልኬ ላይ ጭኜ እሰማዋለሁ፣ የማይመቸኝን ነገር በፅሁፍ እይዛለሁ፣ «ሃይሃቱ ይቀንስ»፣ «ክራሩ ዘግይቶ ይግባ» ምናምን። በረዳቱ ጩኸትና በሞተሩ ድምፅ መሀል የሚሰማ ሜሎዲ ጥሩ ሜሎዲ ነው ብዬ አምናለሁ።

መንገድ ላይ ሁሌ የማስበው ኃይሉ መርጊያን ነው። ሰውየው የዋሊያስ ባንድ ኪቦርዲስት የነበረ፣ አሜሪካ ቀርቶ በፈረንጆቹ 1985 አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድረም ማሽን ጋር አዋህዶ ብቻውን የቀዳ፣ ከዛ ለብዙ ዓመት ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የነዳ። ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ይዞ እየዞረ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት በፈረንጆቹ 2013 ላይ በድጋሚ ታትሞ ወጣና ዓለም በአዲስ ሰማው፣ እሱም ወደ መድረክ ተመለሰ። ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የፈረንጅ ነገር ነው ለሚሉኝ ሰዎችም የምመልሰው ይሄንኑ ነው፣ እኛ ሳንወለድ የኛ ሰው አኮርዲዮን ከማሽን ጋር አጫውቷል።

ሶፍትዌር ለሚጠይቁኝ፣ ኤፍኤል ስቱዲዮ ነው የምጠቀመው፣ የሙከራውን ቨርዥን። ከዚ ሆኖ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ከባድ ነው፣ ክራክ የሚባለውን ደሞ አልፈልግም፣ ከቫይረሱም በላይ የሰው ልፋት ነው። የሙከራው ቨርዥን ሁሉንም ነገር ይሰጣል፣ ሴቭም ያደርጋል፣ ሴቭ የተደረገውን ፕሮጀክት ግን እስኪገዛ ድረስ መልሶ አይከፍትም። ስለዚ ማታ የጀመርኩትን ማታውኑ እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ በዌቭ (የድምፅ ፋይል) ኤክስፖርት አድርጌ ነው የምተኛው። ትራክ ለመጨረስ አይመችም፣ ለመሰብሰብ ግን ልክ ነው፣ ኪኩ (የከበሮው ወፍራም ምት) ብቻውን፣ ክራሩ ብቻውን፣ ፓዱ (ከጀርባ ተዘርግቶ የሚሰማው ድምፅ) ብቻውን፣ ከነቴምፖውና ከነቅኝቱ ስም ተሰጥቶት ፎልደር ውስጥ ይገባል፣ እረፍት ሲመጣ ሁሉም ተደርድሮ ይጠብቀኛል። ስሙን በደንብ ፃፉ፣ «አዲስ 1» እና «አዲስ የመጨረሻ» እያሉ መፃፍ ከሁለት ወር በኋላ ምንም አይነግርም።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ። ዘንድሮ ሲግናልስና ሲስተምስ እየወሰድን ነው፣ ተማሪው ሁሉ የሚፈራው ኮርስ፣ ለኔ ግን የሙዚቃ ኮርስ ነው። ኮንቮሉሽን የሚባል ምዕራፍ አለ፣ ሰሌዳ ላይ ሲታይ ድምር ብቻ ነው፣ አንዱን ሲግናል ገልብጠህ በሌላው ላይ እያንሸራተትክ እያባዛህ ትደምራለህ፣ ክላሱ ግማሹ እዚ ጋ ነው የሚጠፋው። ትርጉሙ ግን ይሄ ነው፣ አንድ ክፍል ለአንድ አጭር ፍንዳታ እንዴት እንደሚመልስ ከቀዳህ፣ ያ ክፍል ለማንኛውም ድምፅ እንዴት እንደሚመልስ አወቅክ ማለት ነው። ምክንያቱም ማንኛውም ድምፅ ተከታታይ ትንንሽ ፍንዳታ ነው፣ እያንዳንዱ የራሱን ማሚቶ ያስነሳል፣ ማሚቶዎቹ ይደመራሉ። ድምሩ ይሄው ነው።

ይሄን በሰማሁ ማግስት ፊኛ ገዛሁ። የኛ ብሎክ ደረጃ ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ ባዶ ሲሚንቶ ነው፣ ልጆች ሲጮሁበት ድምፁ ቶሎ አይጠፋም፣ ሁሌ ደስ የሚለኝ ማሚቶ ነው። ስልኬን ሦስተኛ ፎቅ ላይ አስቀመጥኩት፣ መሬት ላይ ሳይሆን ወንበር ላይ፣ ድምፅ በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ሴቲንግ አጥፍቼ፣ ያ ካልጠፋ ስልኩ የማሚቶውን ጭራ እየጎተተ ከፍ ያደርገዋል፣ የተቀዳው ውሸት ይሆናል። ከዛ ምድር ወርጄ ፊኛውን በመርፌ። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ በሩን በርግደው ወጡ፣

«ውይ በሞትኩት! ምንድነው የፈነዳው ልጄ?»

«ምንም አይደል እትዬ፣ ፊኛ ነው፣ ለትምህርት ነው።»

«ለትምህርት ከሆነማ እሺ፣ ግን ቶሎ ጨርሺ፣ ሕፃኑን አሁን ነው ያስተኛሁት።»

ጨረስኩ። ያችን ሁለት ሰከንድ ቆርጬ ኮንቮልቨር የሚባለው ፕላጊን (ኤፍኤል ውስጥ የሚሰራ የድምፅ መሳሪያ) ውስጥ አስገባኋት፣ ከዛ የአክስቴ ልጅ ክራር ሲጫወት መኝታ ቤት ውስጥ የቀዳሁትን ደረቅ ድምፅ አሳለፍኩባት። ክራሩ ደረጃው ውስጥ ቁጭ አለ። በትክክል የኛ ደረጃ፣ ያቺ ሦስተኛ ፎቅ መታጠፊያ ላይ የምትሰማው ትንሽ የብረት ቃና ሳትቀር፣ የመወጣጫው ብረት ሳይሆን አይቀርም። ከውጪ የሚሸጡ የሪቨርብ (የማሚቶ) ፕላጊኖች የካቴድራልና የኮንሰርት አዳራሽ ማሚቶ ይዘው ይመጣሉ፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ግን ማንም አይሸጥልንም፣ ራሳችን ነን መቅዳት ያለብን፣ የኛ ሙዚቃ የሚኖርበት ቦታ ይሄ ነውና።

ሂሳቡም ይገርማል። ድምፅ ኮምፒውተር ውስጥ ቁጥር ሆኖ ነው የሚቀመጠው፣ በተለምዶ አንድ ሰከንድ 44,100 ቁጥር ነው፣ ሁለት ሰከንድ ማሚቶ 88,200 ነው። በቀጥታ ይባዛ ቢባል ለአንድ ሰከንድ ሙዚቃ ብቻ ወደ 3.9 ቢሊዮን ማባዛት ነው። የኔ ላፕቶፕ ይሄን እየሰራ ሙዚቃ አያጫውትም። የሚያድነው ኤፍኤፍቲ ነው፣ ኩሊ እና ቱኪ በፈረንጆቹ 1965 ያሳተሙት ዘዴ፣ ሁለቱንም ድምፅ ወደ ፍሪኩዌንሲ ቀይሮ እዛ አንድ በአንድ አባዝቶ መልሶ ያመጣዋል። ፈተና ላይ «ኮንቮሉሽን በፍሪኩዌንሲ ዶሜን ማባዛት ነው» የሚለው መስመር ከአሁን በኋላ አይረሳኝም፣ ምክንያቱም በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ምትና ቅኝት ላይ ግን ኮርሱ አይረዳም፣ ሶፍትዌሩም አይረዳም። አዲስ ፕሮጀክት ሲከፈት አራት በአራት ነው የሚመጣው፣ ለጭክጭካ ስድስት በስምንት ማድረግ አለባችሁ፣ በነፃ የሚወርዱት የሉፕ ፓኮችም አብዛኞቹ ለአራት በአራት የተሰሩ ናቸው። አንቺሆዬ ከሲ ስትነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ናት፣ ፒያኖ ሮሉ ላይ ትገባለች፣ ግን ክራሩ የሚቃኘው በተጫዋቹ ጆሮ ነውና ከሲንተሳይዘሩ ጋር ጥቂት ሳንቲም (የቃና ልዩነት መለኪያ) ያህል ይለያያል፣ አንድ ሰሚቶን፣ ማለትም ፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ፣ 100 ሳንቲም ነው። እኔ ክራሩን ወደ ሲንተሳይዘሩ አልጎትትም፣ ሲንተሳይዘሩን ነው ወደ ክራሩ የማስጠጋው። አውቶቱን ተደርጎበት የደረቀ ክራር ስሰማ በጣም ነው የሚከፋኝ።

አሁን ደሞ ዐቢይ ጾም ነው፣ 55 ቀን። እናቴ በጾም ዘፈን ቤት ውስጥ ከፍ ተደርጎ እንዲሰማ አትወድም፣ «ያንን ነገር ጆሮሽ ላይ አድርጊው» ነው የምትለኝ፣ አደርገዋለሁ፣ ትክክል ናት። ሬዲዮው ላይ በገና ነው ያለው። በገና አሥር አውታር አለው፣ ያ የሚርገበገብ ድምፁ የሚመጣው በአውታሩና በድልድዩ መሀል ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ ነው፣ እንዚራ ይባላል። ላብ ላይ ስፔክትረም (አንድ ድምፅ ውስጥ ያሉትን ፍሪኩዌንሲዎች የሚያሳይ ምስል) እያየን ስለነበር አንድ የበገና ድምፅ አስገብቼ አየሁት፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ሳይቆም ሃርሞኒኮቹ (ከዋናው ቃና በላይ አብረው የሚሰሙት ድምፆች) እስከ ላይ ድረስ ተደርድረዋል፣ ያ ሁሉ ከአንዲት ቁራጭ ቆዳ። አጠገቤ የነበሩት ልጆችም ሪፖርታቸውን ትተው መጡ።

በገና ላይ ኪክ አልጨምርም። ፀሎት ነው፣ በዚ ላይ አስተያየቴ አይቀየርም፣ ቆርጠው ሳምፕል አድርገው ድሮፕ (የጭፈራው ምት የሚፈነዳበት ቦታ) ውስጥ የከተቱትን ሰምቻለሁ፣ አልተመቸኝም። እንዚራው የሚሰራውን ነገር ግን መማር ይቻላል፣ ሲንተሳይዘር ላይ ንፁህ ሳይን ዌቭ አድርጌ፣ ጫፉ የሆነ ነገር የነካው ያህል ዲስቶርሽን እያስገባሁ፣ ከታች ጥልቅ ከላይ የሚርገበገብ ቤዝ እየሰራሁ ነው። እስካሁን ያገኘሁት ምርጥ ቤዝ ነው። ጾሙ ሲፈታ፣ ሠርግ ሲጀምር፣ ሰፈሩ በሙሉ ስፒከር ሲሆን ከፍ አድርጌ እሞክረዋለሁ።

ውጤቱስ ለምትሉኝ፣ ሚድ ገና ነው፣ ያለፈው ሴሚስተር ግን ጂፒኤዬ አልወረደም፣ እንዳይወርድም እሰራለሁ፣ ቤት ውስጥ ሙዚቃው የተፈቀደልኝ በዛ ነው። ሚድና ፋይናል ሲደርስ ሁለት ሁለት ሳምንት ኤፍኤል ጭራሽ አይከፈትም፣ ስልኬ ድምፅ መቅጃው ብቻ ነው የሚሰራው።

ባለፈው ሐሙስ ደሞ ለኮርሱ አስተማሪ የተርም ፕሮጀክታችንን በኮንቮሉሽን ሪቨርብ ላይ ብናደርገው ብዬ ጠየቅኳቸው። «ኮዱን ራሳችሁ በፓይተን ከፃፋችሁ እና የቀዳችሁበትን ሁኔታ በደንብ ከገለፃችሁ ይቻላል፣ ዝግጁ ፕላጊን ግን አልቀበልም» አሉኝ። አራት ሆነናል፣ አንዷ ልጅ አቃቂ በኩል ያለ ባዶ የእህል መጋዘን በአጎቷ በኩል ታስከፍትልናለች፣ አንዱ ደሞ ሰፈራቸው ያለውን ያልተገጠመ የቦይ ቱቦ አስለክቶ መጥቷል፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ነው። ቅዳሜ ከላብ በኋላ ፊኛ ይዘን መጋዘኑ ጋ እንገናኛለን።