ቮልስ አባይ በረሃን ሲወጣ ለምን ይግላል?

ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን በሚያወጣው ጠመዝማዛ ላይ አሮጌ ቮልስ ኋላውን ከፍቶ ከቆመ፣ ጀሪካን ይዞ የሚሮጥ ሰው አይጠፋም። ደግነቱ ደግነት ነው፤ ግን ቮልስ ራዲያተር የለውም። የጋለ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ላይ ውሃ ቢደፋበት ሊሰነጠቅ ይችላል። ውሃውን ሾፌሩ ይጠጣው።

ይህን ሞተር የሚያበርዱት ማራገቢያው የሚገፋው አየርና 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ናቸው። ስለዚህ የሞቀ ቮልስ ሲመጣለት መጀመሪያ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) የሚፈታ መካኒክ ነገሩን ከጭራው ነው የያዘው።

መጀመሪያ ቺንጋውን፣ ማለትም ማራገቢያውን የሚያዞረውን ቀበቶ እዩ። ማራገቢያውና ዲናሞው በአንድ ዘንግ ነው የሚዞሩት። እየተነዳ ሳለ የዲናሞ መብራት ከበራ ቺንጋው ተበጥሶ ይሆናልና ወዲያው ሞተር አጥፍቶ መቆም ነው፤ «እስከ ቀጣዩ መንደር» የሚባል ነገር የለም። ቺንጋው ካለ ደግሞ መሃሉን በአውራ ጣት ጫን ሲሉት 1.5 ሳንቲ ሜትር ያህል መርገብ አለበት። ከዚያ በላይ ከረገበ የዲናሞውን ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበትን ክብ) በ21 ቁልፍ ፈትቶ፣ ከሁለቱ ግማሾች መሃል አንድ ሮንዴላ (ስስ የብረት ቀለበት) ማውጣትና ከውጭ በኩል መደረብ ነው። ሮንዴላው አይጣልም፤ አዲስ ቺንጋ ሲገባ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ቀጥሎ የአየሩ መንገድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚገኘውም እዚህ ነው። ሞተሩን የከበበው ላሜራ ከላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ከታች ካለው ትኩስ አየር ይለያል። በላሜራውና በቦዲው መካከል ዙሪያውን የሚሄደው ጎማ ከደረቀ ወይም ከወለቀ፣ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) በኩል የሚወጣውን ትኩስ አየር ማራገቢያው መልሶ ይስበዋል። ሞተር ሲወርድ «ትርፍ ነው» ተብለው ጋራዥ ጥግ የሚቀሩት ከሲሊንደሮቹ ሥር ያሉ ትንንሽ ላሜራዎችም ትርፍ አይደሉም፤ አየሩ የሲሊንደሮቹን ክንፎች ዙሪያውን እንዲያቅፍ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። የማሞቂያው ቱቦዎች ከተነሱ በማራገቢያው ቤት ላይ የሚቀሩት ሁለት ቀዳዳዎች መደፈን አለባቸው፤ አለዚያ ለሲሊንደር የታሰበው አየር በከንቱ ይወጣል።

የማራገቢያው ቤት ሲነሳ ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው ይታያል። ከሥሩ ባሉት ጎማዎች ያፈሰሰው ዘይት የጥርጊያ መንገድ አቧራና የጤፍ ገለባ ይይዝና በክንፎቹ መካከል እንደ ጭቃ ይጋገራል። አውድማ አጠገብ ከርሞ የተነሳ መኪና ከሆነ የአይጥ ጎጆም አይጠፋም። በቤንዚንና በብሩሽ አጥቦ፣ ሁለቱን ጎማዎች ለውጦ መመለስ ነው። አየሩን የሚከፍቱትን በሮችም በእጅ ሞክሩ። በ65–70 ዲግሪ የሚነፋው ቴርሞስታት ደህና ሆኖ በሮቹ ዝገው ግማሽ ላይ ቀርተው ይገኛሉ።

ከ1971 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል በፊት በነበሩት ሞተሮች ማቀዝቀዣው የቆመው ለ3ኛው ሲሊንደር በሚሄደው አየር ፊት ለፊት ነው። 3ኛው በግራ፣ ወደ መኪናው ፊት ያለው ነው፤ የሚደርሰው የሞቀ አየር ስለሆነ ቀድሞ የሚጎዳው የጭስ ማውጫ ቫልቩ ነው። ከ1300 እስከ 1600 ሲሲ ባሉት ሞተሮች የቫልቭ ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚለካውም ሌሊቱን ባደረ ቀዝቃዛ ሞተር። የ3ኛው ክፍተት በትክክል ተስተካክሎ ሳለ ደጋግሞ የሚጠብ ከሆነ ወይ ቫልቩ እየተሳበ ነው፣ ወይ መቀመጫው እየሰመጠ። እያሰፉ ከመንዳት ቴስታታውን ማውረድ ይሻላል፤ የቫልቩ ራስ ከተቆረጠ ፒስተኑን ይዞ ነው የሚሄደው።

አየሩና ዘይቱ ደህና ከሆኑ ነው ወደ ታይሚንግ (እሳቱ የሚነሳበት ጊዜ) እና ካርቡራተር የሚገባው። እዚህ ላይ ጎጃም የራሱ ጣጣ አለው። ደብረ ማርቆስ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ በመሆኑ በፋብሪካ ጂግለር (የቤንዚኑን መጠን የሚወስነው የካርቡራተር ቀዳዳ) ቤንዚን ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበት ይቀንሳል። መፍትሔ ተብሎ ጂግለሩ በትንሽ ይቀየራል፣ ታይሚንጉም ወደፊት ይገፋል። ደጋው ላይ መኪናው እውነትም ይነቃል። ያው መኪና 1000 ሜትር ገደማ ወዳለው ድልድይ ወርዶ ሽቅብ ሲነሳ ግን ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ወፍሯል፣ ቤንዚኑ አንሷል፣ እሳቱም ቀድሟል። ቴስታታ የሚያቃጥለው ይህ ነው፤ ነዳጅ ሲረገጥ የሚሰማው ማንቃጨል ምልክቱ ነው። በረሃውን የሚያቋርጥ መኪና በፋብሪካው ጂግለርና ታይሚንግ ቢቆይ ይመረጣል፤ ታይሚንጉ በብዙዎቹ አሮጌ ሞተሮች 7.5 ዲግሪ ነው፣ ግን እንደ ሞተሩና እንደ ዲስትሪቢዩተሩ (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው) ዓይነት ስለሚለያይ አይቶ ነው። ደጋ ላይ ትንሽ መጠቆሩን መቻል ነው። በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እሳቱን የሚከፍትና የሚዘጋው የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ እሱ ከተነካ ታይሚንጉም ይነካል።

የቀረው የአነዳድ ጉዳይ ነው። ዳገቱን በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ ቮልስ ነዳጅ የቆጠበ ይመስለዋል፤ ሞተሩ ቀስ ሲል ማራገቢያውም ቀስ ይላል። ሁለተኛ አስገብቶ ማስጮኽ ነው። ቆሞ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሳለ የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ዘይቱ ከመጠን በላይ ቀጥኗል። ቺንጋው ደህና ከሆነና መብራቱ ነዳጅ ሲጨመር የሚጠፋ ከሆነ ወዲያው አታጥፉት፤ ከሚኒሞ ትንሽ ከፍ አድርጎ ሁለት ደቂቃ ያህል ማራገቢያው እንዲነፋበት መተው፣ ከዚያ አጥፍቶ ዘይቱን መለካት ነው። ነዳጅ ተጨምሮም መብራቱ ካልጠፋ ግን እዚያው ማጥፋት ነው።